የዘለልኳት ገጽ

ጓደኛዬ ቤቴ ሲመጣ በር አያንኳኳም። ነጭ በትሩ የደረጃዬን ብረት ቀጭ ቀጭ እያደረገ ሲወጣ ከሳሎን ሆኜ እሰማዋለሁና ቀድሜ እከፍትለታለሁ። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ፣ በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እንዲሁ ከፈትኩለት። የዚያን ዕለት ግን እንደ ወትሮው «ቡናው ደርሷል ወይስ ዞሬ ልምጣ?» ብሎ አልቀለደም። በብብቱ የያዘውን ላፕቶፕ ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ከፈተና «ና እስቲ፣ ሥራህን ስማው» አለኝ።

«እየው» አላለኝም። «ስማው» ነው ያለኝ።

ሥራህን ያለው ድረ ገጽን ነው። ድረ ገጽ እየሠራሁ እንጀራ መብላት ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት ጋር ተዋውዬ የሠራሁትን አዲስ ድረ ገጽ ከጥቂት ወራት በፊት እዚያው ሳሎን ውስጥ በኩራት አውርቼለት ነበር። ቀለሙ እንዴት እንደተዋሃደ፣ ፎቶግራፎቹ እንዴት ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚንሸራተቱ እየዘረዘርኩ ብዙ ደሰኮርኩ። ለዓይነ ስውር ሰው ስለ ቀለም ውህደት ስተርክ ራሴን እንኳን አልታዘብኩም። እሱም ጨዋ ነውና እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

አሁን ድረ ገጼ በእሱ ኮምፒዩተር ሊናገር ነው። ጓደኛዬ ማውስ አይነካም፤ ቀስት ስለማያይ ማውስ ለእሱ ምኑም አይደለም። በኪቦርዱ ቁልፎች ብቻ ነው የሚሄደው። ቁልፉን በተጫነ ቁጥር ስክሪን ሪደር የሚባለው ፕሮግራም እዚያ ቦታ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነብለታል። አንድ ጊዜ ተጫነ። «ግራፊክ» አለ ድምፁ። ሥዕል ማለቱ ነው። ደግሞ ተጫነ። «ግራፊክ»። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አሁንም «ግራፊክ»። ከዚያ በኋላ «ሊንክ፣ ግራፊክ፣ ስካን ዜሮ ዜሮ አራት» አለ።

«ስካን ዜሮ ዜሮ አራት ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

ጠጋ ብዬ አየሁት። ማኅተምና ፊርማ ያረፈበት የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ በወረቀት የታተመውን ማስታወቂያ ስካን አድርጋ፣ እኔ ባዘጋጀሁላት ቦታ ላይ ለጥፋዋለች። ለሚያይ ሰው ቁልጭ ያለ ጽሑፍ ነው። ለኮምፒዩተሩ ግን ፎቶግራፍ እንጂ ጽሑፍ አይደለም፤ ውስጡ ፊደል ይኑር ዝንጀሮ ይኑር አያውቅም። ሌላ የሚለው ስለሌለው የፋይሉን ስም ያነባል።

«አንብብልኝ» አለ።

አነበብኩለት። ታሪክ ያጠና፣ በማስተማር የረጅም ጊዜ ልምድ ያለው፣ የሥልጠና ጽሑፍ ማዘጋጀት የሚችል ባለሙያ ይፈለጋል። ለእሱ ተለክቶ የተሰፋ ልብስ ይመስላል። ደመወዙ አሁን ከሚያገኘው በእጥፍ ይበልጣል። ምዝገባው ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ለሰባት ተከታታይ የሥራ ቀናት ነው። ሰባተኛው ቀን ያለፈው ዓርብ ነበር።

«አንተ የሠራኸው ነው ብዬ በየሳምንቱ እከፍተው ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ። «ይቺን ስካን ዜሮ ዜሮ አራትን ሰምቼ አልፌያታለሁ። ትናንት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ‹ተመዘገብክ ወይ?› ሲለኝ ነው ያወቅሁት።»

ቡናው ቀረበ። አንዳችንም ቶሎ አላነሳነውም።

* * *

ወደ ኋላ ልመለስ። በ1987 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ግቢ ታሪክ ስንማር እኔ የእሱ አንባቢ ነበርኩ። በዚያ ዘመን ግቢውን ለሚያውቅ ሰው አንባቢ ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። የትምህርት መጽሐፍ በብሬል ተጽፎ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ዓይናማው ተማሪ ከዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ጮክ ብሎ ያነባል። ዓይነ ስውሩ ደግሞ ስሌቱን ጭኑ ላይ አኑሮ በስታይለሱ ወረቀቱን ይወጋል። ጊዜ ሲያጥር ወይም ፈተና ሲቃረብ በካሴት እንቀዳለታለን። ጓደኛዬ ሰበታ ከሚገኘው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት የመጣ፣ አንዴ የሰማውን የማይረሳ ልጅ ነበር። ከእሱ ጋር ሳነብ እኔም ባልተለመደ ሁኔታ ትምህርት ገባኝ። ስለዚህ ማን ማንን እንደረዳ አሁንም ድረስ እርግጠኛ አይደለሁም።

አንድ ደንብ ነበረው። ገጽ በተገለጠ ቁጥር የገጹን ቁጥር ጮክ ብዬ መናገር አለብኝ። «ገጽ 210፣ ገጽ 211...» እያልኩ እቀዳለሁ። ምክንያቱን ጠይቄው አላውቅም። ወረቀት ሲጽፍ ምንጭ ለመጥቀስ ይፈልገዋል ብዬ አስብ ነበር።

አንድ ምሽት ጓደኞቼ ኳስ ለማየት ሲጠሩኝ፣ ካሴት እየቀዳሁ ስለነበር አላስችል አለኝ። በቁጥርና በሠንጠረዥ የተሞሉ ሁለት ገጾች ነበሩ፤ ስለ ገባርና ስለ ግብር መጠን የሚያትቱ። «እነዚህ ምን ያደርጉለታል?» ብዬ ዘለልኳቸው። የምዕራፉን ቀሪ በጥድፊያ ጨርሼ ካሴቱን ሰጠሁትና ሄድኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ፈተናው ላይ ትልቁ ጥያቄ ከእነዚያ ገጾች መጣ። እኔ ቢ አገኘሁ። እሱ ሲ አገኘ። ምንም አላለኝም። እኔም ምንም አላልኩትም። ይህንን ነገር ለማንም ሰው ሳልናገር ሠላሳ ዓመት አለፈ።

* * *

ወደዚያ እሑድ ልመለስ። ጓደኛዬ ድረ ገጼን እየገባ እየወጣ ያሰማኝ ጀመር። የመመዝገቢያ ቅጹ ላይ ደረሰ። እኔ ለዓይን የሚያምር ይሆናል ብዬ «ሙሉ ስም»፣ «የትውልድ ዘመን»፣ «የትምህርት ደረጃ» የሚሉትን ቃላት ከሣጥኖቹ በላይ ጽፌያቸው ነበር፤ ነገር ግን የትኛው ቃል የየትኛው ሣጥን መጠሪያ እንደሆነ በኮዱ ውስጥ አላያያዝኳቸውም። ዓይን ቃሉን ከሣጥኑ ጋር በቅርበት ያገናኘዋል። ስክሪን ሪደሩ ግን «ኤዲት... ኤዲት... ኤዲት...» ብቻ አለ። ጻፍ፣ ጻፍ፣ ጻፍ ይለዋል፤ ምን እንደሚጻፍ ግን አይነግረውም። የትውልድ ቀን መምረጫው ደግሞ በማውስ ካልሆነ በቀር አይከፈትም። ማስታወቂያውን በጊዜው አግኝቶት ቢሆን ኖሮ እንኳን ቅጹ ላይ ይቀር ነበር።

ወደ መመሪያዎቹ ሄደ። እዚያ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቀን። መሥሪያ ቤቱ የድሮ መመሪያዎቹን የለጠፈው በቀድሞ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች በተጻፉበት መልክ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፕሮግራሞች በኮምፒዩተሩ ልብ ውስጥ የላቲን ፊደል አስቀምጠው ከላይ የአማርኛ መልክ ያለብሱት ነበር። ልብሱ ሀበሻ፣ ሥጋው ፈረንጅ። ዓይን ልብሱን አይቶ «ሀ» ብሎ ያነባል። ስክሪን ሪደሩ ልብስ አያይም። ሥጋውን ነው የሚያነበው። በዚህም የተነሳ አንድ ሙሉ መመሪያ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝናብ ሆኖ ከድምፅ ማጉያው ወረደ። ጓደኛዬ በዚያ ብቻ ሳቀ።

በዩኒኮድ የተጻፈው ዜና ላይ ሲደርስ ደግሞ ፕሮግራሙ ዝም አለ። ምክንያቱን ራሴ ደረስኩበት። እያንዳንዱ ድረ ገጽ የተጻፈበትን ቋንቋ በኮዱ መጀመሪያ ላይ በአንዲት አጭር ቃል ያሳውቃል። እኔ ካንድ ካለቀ ሥራ ላይ ገልብጬ ስጀምር «እንግሊዝኛ» የምትለውን ሳልቀይራት ቀርቻለሁ። ስክሪን ሪደሩም ታማኝ ነውና የእንግሊዝኛ ድምፁን አምጥቶ አማርኛውን ሊያነብ ሞከረ፤ አልሆነለትም። የአማርኛ ድምፅ ግን አለው። ድምፁ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ቢልም አማርኛ ያነባል። ጓደኛዬ የሚጠቀምበት ኤንቪዲኤ የሚባለው ፕሮግራም በነፃ የሚታደል ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራውን የጀመሩት ማይክል ከራንና ጄምስ ቴ የተባሉ ሁለት ዓይነ ስውር አውስትራሊያውያን ናቸው። በዚያን ጊዜ በገበያ ላይ የነበሩት ፕሮግራሞች ዋጋ ከኮምፒዩተሩ ከራሱ ሊበልጥ ይችል ነበር። ሁለቱ ወጣቶች ይህን አይተው ለዓለም ሁሉ የሚሆን መሣሪያ ሠሩ። እኔ ደግሞ አንዲት ቃል መቀየር ረስቼ የእነሱን ልፋት አዲስ አበባ ላይ ከንቱ አደረግሁት።

ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ።

«ታስታውሳለህ፣ ያን የገባር ምዕራፍ?» አለ።

ደሜ ቀዘቀዘ።

«ከገጽ 211 ወደ ገጽ 214 ነው የሄድከው። በማግሥቱ ካሴቱን ስሰማ ነው ያወቅሁት። ሌላ አንባቢ ፈልጌ ነበር፤ ጊዜ ያለው ሰው አላገኘሁም።» ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና ቀጠለ። «ግን ያኔ ቢያንስ መዝለልህን አውቅ ነበር። ቁጥሩ ይነግረኛል። ይሄ ገጽህ ግን ምን እንደዘለለኝ እንኳን አይነግረኝም።»

* * *

ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል። እኔ ያን ሌሊት በጆሮዬ ሰምቼ ነው የተፈረደብኝ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ተነሥቼ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ልማረው ሲገባኝ ያልተማርኩትን ሙያዬን አነብ ጀመር።

ነገሩ ምሥጢር አይደለም። ድሩን የፈጠረው ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1994 ያቋቋመው የድር ደንብ አውጪ ማኅበር፣ በ1999 ስለዚሁ ጉዳይ የመጀመሪያውን መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው በ2008፣ በ2018ና በ2023 እየተሻሻለ ወጥቷል። በነፃ ነው። የሚለውም ቢጠቀለል ከአራት ነገር አይዘልም፤ ገጹ ላይ ያለው ነገር በአንዱ ካልሆነ በሌላው የስሜት ሕዋስ ይድረስ፤ በእጅ በማውስም ሆነ በኪቦርድ ብቻ ይሠራ፤ የሚያስተውሉት ይሁን፤ ከተለያዩ መሣሪያዎች ጋር ይስማማ። ለያንዳንዱ ሥዕል ምን እንደሆነ የሚናገር አጭር ጽሑፍ ከሥሩ ይኑር። ርዕስ በወፍራም ቀለም ተጽፎ ርዕስ መምሰል ብቻ ሳይሆን በኮዱም ውስጥ ርዕስ ይባል፤ ጓደኛዬ በአንዲት ቁልፍ ከርዕስ ወደ ርዕስ እየዘለለ የሚፈልገውን የሚያገኘው በእሱ ነውና። ይህንን ሳነብ «ገጽ 210፣ ገጽ 211» ያሰኘኝ የነበረው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ርዕስና ቁጥር ለእሱ ጌጥ አይደሉም። መንገድ ናቸው።

ጉዳዩ የዓይነ ስውራን ብቻ አለመሆኑም እዚያው ተገለጠልኝ። መመሪያው የመደበኛ ጽሑፍ ቀለም ከጀርባው ቀለም ጋር ያለው ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን ይላል። ጥቁር በነጭ ላይ 21 ለ1 ነው። እኔ «ዘመናዊ» ብዬ የመረጥኩት አመድማ ፊደል ከልኩ በታች ሆኖ ተገኘ። እናቴ የዓይን ሞራ ስለጀመራት፣ ስልኬ ላይ ያንን ገጽ ባሳየኋት ጊዜ «ልጄ፣ ይሄ ጽሑፍ ነው ወይስ የወረቀቱ እድፍ?» ብላኝ ነበር። እንደ ቀልድ አልፌዋለሁ። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ትንንሾቹን ቁልፎቼን በማውስ ሊነካ አይችልም። መስማት የተሳነው ሰው የኃላፊውን የቪዲዮ መልእክት አያውቀውም፤ ከሥሩ ጽሑፍ የለውምና። ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሰው «በቀይ የተመለከቱትን ይሙሉ» የሚለው ትእዛዜ ምን ይረዳዋል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ መሠረት ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶ የሚሆነው፣ ማለትም 1.3 ቢሊዮን ያህል ሰው፣ ከፍተኛ የአካል ጉዳት ጋር ይኖራል። የቀረነውም በዕድሜ ብዛት ወደዚያው እየተጓዝን ነው። እኔ ራሴ ይህንን የምጽፈው መነጽሬን አፍንጫዬ ላይ አንጠልጥዬ ነው።

በማግሥቱ የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ ሄጄ አነጋገርኳቸው። በጥሞና ሰምተውኝ ሲያበቁ ሁላችሁም የምትገምቱትን ጥያቄ ጠየቁኝ። «ለመሆኑ ስንት ዓይነ ስውር ነው ድረ ገጻችንን የሚጎበኘው?»

ጥያቄው ክፉ አይደለም። ነገር ግን ዙሪያውን የሚሽከረከር ጥያቄ ነው። በር የሌለው ቤት ሠርተን «እንግዳ ስለማይመጣ በር ማውጣት አያስፈልግም» እንደማለት ነው። ስለ ሲድኒው ጉዳይ አጫወትኳቸው። ብሩስ ማጓየር የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ የሲድኒ ኦሊምፒክ ድረ ገጽ አልነበብ ቢለው እ.ኤ.አ. በ1999 ለአገሩ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን አቤት አለ። አዘጋጅ ኮሚቴው ድረ ገጹን ማስተካከል ከአንድ ዓመት በላይ ጊዜና 2.2 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ይፈጃል ብሎ ተከራከረ። ባለሙያዎች ግን ሥራው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው ብለው መሰከሩ። ኮሚሽኑ በኦገስት 2000 ለማጓየር ፈረደ፤ ኮሚቴው በሙሉ ሳያስተካክል ስለቀረም 20,000 ዶላር ካሳ እንዲከፍል ተወሰነበት። ከተጠየቁት ነገሮች አንዱ ለሥዕሎቹ አጭር ጽሑፍ መስጠት ነበር። ከመጀመሪያው ቢሠሩት ምንም የማያስወጣ ነገር ነው።

የራሳችንም ሕግ ዝም አላለም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ስለ ሕንፃና ስለ መንገድ ብቻ ሳይሆን ስለ መረጃና ስለ ኢንተርኔትም ይናገራል። ከዚያ ቀደም ሲል የሕንፃ አዋጁ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያና መገልገያ እንዲኖራቸው ደንግጓል። ድረ ገጽ የዛሬው ሕንፃ አይደለም ወይ? ምዝገባው፣ ማስታወቂያው፣ የባንክ ሒሳቡ፣ የመብራት ክፍያው ሁሉ ወደዚያ እየገባ ነው። የድንጋዩ ሕንፃ ደረጃ ቢበዛው ሰው ደግፎ ያወጣሃል። ኮምፒዩተር ፊት ብቻህን ስትቀመጥ ግን ክንድህን የሚይዝ የለም። ሰው ጠርተህ «አንብብልኝ» ካልከው ደግሞ ደመወዝህንም፣ የይለፍ ቃልህንም፣ የግል ጉዳይህንም አብረህ አስረከብከው ማለት ነው።

ኃላፊው ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ ትንሽ አመነቱ። ክርክሩን ትቼ የጓደኛዬን ላፕቶፕ ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩ። ስክሪኑን በመዝገብ ሸፍኜ «እባክዎን የሥራ ማስታወቂያዎን ፈልገው ያግኙልኝ» አልኳቸው። እሳቸውም «ግራፊክ፣ ግራፊክ» ሲባሉ ቆይተው ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ እጃቸውን አነሱ። «ማኅተም ከሌለው ሰው አያምነንም ብለን እኮ ነው ሥዕሉን የምንለጥፈው» አሉ። እውነት ነው፤ በአገራችን ማኅተም የሌለው ወረቀት ወረቀት አይደለም። ስለዚህ ተስማማን፤ ማኅተም ያለው ሥዕልም ይለጠፍ፣ ከሥሩ ግን ሙሉው ቃል በጽሑፍ ይውጣ። ለጸሐፊዋ የሚጨምርባት ሥራ የለም ማለት ይቻላል፤ መጀመሪያውኑ በኮምፒዩተር የጻፈችው እሷ ናትና።

ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው ነውና ቀሪው የእኔ ነበር። ሦስት ሳምንት ማታ ማታ ተቀመጥኩ። አብዛኛው ከባድ አልነበረም፤ ሣጥኖቹን ከስማቸው ጋር ማያያዝ፣ ቀለሙን ማጥቆር፣ ያቺን «እንግሊዝኛ» የምትል ቃል «አማርኛ» ማለት። ከባዱ የድሮዎቹን መመሪያዎች ወደ ዩኒኮድ መመለሱ ነው፤ ከእነሱ ገና ያልጨረስኳቸው አሉ። ሌላም ነገር ተማርኩ። ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ መትተን አራት ነጥብ የምናስመስለው ልማዳችን ለዓይን ምንም አይልም፤ ለኮምፒዩተሩ ግን አራት ነጥብ አይደለም። ስለዚህ ንባቡ ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ የማረፊያ ምልክቱን ያጣል። ዓይን የሚያልፈውን ሁሉ ጆሮ አያልፍም።

ጨረስኩ ብዬ ጓደኛዬን ጠራሁት። እንደገና ተቀምጦ ፈተሸው፤ ዘጠኝ ስሕተት አገኘብኝ። አንዱንም እኔ በራሴ አላገኘውም ነበር። ለዚህ ሥራው ደግሞ ኃላፊው እንዲከፍሉት ጠየቅሁ፤ ከፈሉት። ውለታ አይደለም፣ ሙያ ነው።

ያ የሥራ ቦታ ግን በሌላ ሰው ተይዟል። ይህንን ማንም ኮድ አያስተካክለውም። ጓደኛዬ ዛሬም እዚያው ትምህርት ቤቱ ያስተምራል።

የመጨረሻው ቀን ቡናችንን እየጠጣን ገጹን ከላይ እስከ ታች አስደመጠኝ። «ርዕስ፣ ክፍት የሥራ ቦታዎች» አለ ያ ቆርቆሮ ድምፅ፤ ቀጥሎም ማስታወቂያዎቹን አንድ በአንድ አነበበ። ጓደኛዬ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«አሁንስ የዘለልኩት አለ?» አልኩት።

«ካለ ቁጥሩ ይነግረኛል» አለኝና ስኒውን ለሁለተኛው ዘረጋልኝ።